ፍርሃትና አሠልጣኙ

ፍርሃት ከሰው ጋር አብሮ የተፈጠረ ስሜት ነው። ሕፃን ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ከእናቱ እቅፍ ሲለይ ያለቅሳል። ካደገም በኋላ ጨለማን፥ ገደልን፥ የማያውቀውን አገርና የማያውቀውን ሰው ይፈራል። ስለዚህ «እኔ ፈርቼ አላውቅም» የሚል ሰው ቢያጋጥመን ወይ ራሱን በሚገባ አልመረመረም፥ ወይም እውነቱን ሊነግረን አልፈለገም ማለት ነው። እንዲያውም ፍርሃት የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ የሰው ዘር ከአውሬና ከጎርፍ ተርፎ እስከ ዛሬ ባልደረሰም ነበር። ይህን ያህሉን ማንም የሚቀበለው ይመስለኛል። ሰዎች የማይስማሙት «ድፍረትስ ከወዴት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

በአገራችን ብዙ ሰው ድፍረትን እንደ ርስት በዘር የሚወረስ አድርጎ ያየዋል። የጀግና ልጅ ጀግና፥ የፈሪ ልጅ ፈሪ ነው ይባላል። አንድ ጊዜ ፈርቶ የታየ ልጅም «ፈሪ ለእናቱ» የሚል ስም ይወጣለትና ያ ስም እንደ ጥላ ሲከተለው ይኖራል። እኔ በዚህ አስተያየት አልስማማም። በእኔ አመለካከት ድፍረት እንደ ጽሕፈት፥ እንደ ዋና፥ እንደ ፈረስ ግልቢያ ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው። ዋናን በቃል ብቻ የተማረ ሰው እንደሌለ ሁሉ ድፍረትንም በምክር ብቻ ያገኘ ሰው የለም። ተማሪው ወደ ውሃው መግባት አለበት፤ ግን በመጀመሪያው ቀን ብቻውን ቢገባ ሊሰጥም ይችላልና የውሃውን ጥልቀት የሚያውቅ አንድ ሰው ከጎኑ መቆም ይኖርበታል። ይህን ሰው አሠልጣኝ እንበለው። አሠልጣኝ ስል በስታዲዮም ፊሽካ የሚነፋውን ሰው ብቻ ማለቴ አይደለም። አባት፥ ታላቅ እኅት፥ መምህር ወይም የሥራ ጓደኛ ይህን ተግባር ሊፈጽም ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን እንሻገር። ከጎንደር በኩል የሚወርዱት ጓንግና አንገረብ፥ ከላስታ የሚመነጨውም ተከዜ ከድንበር ማዶ ተገናኝተው አትባራ የተባለውን ወንዝ ይሆናሉ። ይህ ወንዝ ኸሽም ኤል ጊርባ ከተባለው ሥፍራ ላይ በግድብ ተይዞ ሰፊ ሜዳ ያጠጣል። በዚያ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ከተማ ኒው ሀልፋ ትባላለች፤ አዲሲቱ ሀልፋ ማለት ነው። አዲስ የተባለችው አሮጌይቱ በውሃ ስለ ተዋጠች ነው። ግብፅ አስዋን ላይ ታላቁን ግድብ በሠራች ጊዜ ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ በሱዳን ሰሜናዊ ጫፍ ያለችውን የዋዲ ሀልፋን ከተማና በአካባቢዋ የነበሩትን የኑብያ መንደሮች የሚያጠልቅ ሆነ። በዚህም የተነሣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ (እ.ኤ.አ. ከ1964) 50,000 ያህል ሕዝብ በባቡር እየተጫነ ከዓባይ ዳር ወደ አትባራ ሜዳ ተዛወረ።

እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ሊፈሩ እንደሚችሉ እስቲ እናስብ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩት በዓባይና በበረሃው መካከል ባለች ጠባብ መሬት ላይ፥ ቴምር እየለቀሙ ነው። በዋዲ ሀልፋ ዝናብ የሚታየው በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተሰጣቸው አገር ግን ዳርቻው የማይታይ የሸክላ አፈር ሜዳ ነው። በክረምት ሰማዩ ይጠቁራል፤ መብረቅ ይበርቃል፤ መሬቱ ጭቃ ይሆናል። ለጎንደር ልጅ ይህ ክረምት እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ነጎድጓድ ሳይሰማ ላረጀ ሰው ግን እንዴት ያለ ድንጋጤ ነው! በዚያም ላይ ሥፍራውን የመረጡት እነርሱ አልነበሩም። ውሳኔው በተሰማ ጊዜ በ1953 ዓ.ም. አደባባይ ወጥተው ተቃውመውት ነበር። የመሄጃቸው ቀን ሲደርስም ወደ መካነ መቃብሩ እየሄዱ ሙታኖቻቸውን ተሰናበቱ።

ፍርሃታቸውን ካቀለሉላቸው ነገሮች አንዱ መንደሩ እንዳለ፥ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር፥ አብሮ እንዲዛወር መደረጉ ይመስለኛል። በአዲሱ ሥፍራ 25 መንደሮች ተሠርተው ነበር። ማታ ነጎድጓድ ሲያጓራ በግድግዳው ማዶ የሚሰማው የጎረቤት ሳል የጥንቱ የጎረቤት ሳል ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ሆኖም አብሮ መሆን ብቻውን አይበቃም። ቴምር ለቃሚው ኑብያዊ በአዲሱ እርሻ 15 ፈዳን መሬት ተሰጥቶት ጥጥ፥ ስንዴና ለውዝ እያፈራረቀ እንዲያመርት ሲጠየቅ ጎረቤቱም እንደ እርሱ ነገሩ አዲስ ነበር። ሁለት ሰዎች አብረው ስለ ፈሩ ደፋሮች አይሆኑም። በዚያው እርሻ መሬት ያገኙት የሹክሪያ ዘላኖች ደግሞ ዝናቡንና ሜዳውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ለእነርሱ የሚያስጨንቀው ቦዩ፥ የውሃ ተራውና በአንድ ቦታ ተቀምጦ መኖሩ ነበር። አንዱ የሚፈራውን ሌላው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል፤ ለሚፈራ ሰው የሚያስፈልገው ከእርሱ የበለጠ ልበ ሙሉ የሆነ ሰው ሳይሆን የሚፈራውን ነገር በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከኒው ሀልፋ ወደ ደቡብ ወርደን ገዳሪፍ ስንደርስ የምናገኘው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። ገዳሪፍ በማሽላና በሰሊጥ እርሻዋ የታወቀች አገር ናት። ለብዙ ዓመታት ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚነሡ ወጣቶች በክረምት ለአረም፥ ከመስከረም በኋላ ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዱ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጋላባትን ተሻግረው እስከ ገዳሪፍ ይዘልቁ ነበር። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬውን የያዘው ሽፋን ከደረቀ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ፈጥኖ መታጨድ፥ በነዶ መታሰርና «ሂላ» በሚባለው አቋቋም ቀጥ ብሎ መከመር አለበት። ባለ እርሻው ይቸኩላል፤ ሠራተኛውም በጠራራ ፀሐይ ይሯሯጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቆላ የወረደ የደጋ ልጅ ብዙ የሚፈራው ነገር አለው። እባቡና ጊንጡ አለ። ወባው አለ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስጨንቀው ቋንቋውን አለማወቁ ነው፤ ስንት እንደሚከፈለው መጠየቅ፥ ሲጠማው ውሃ መለመን፥ ሲታመም ሕመሙን መናገር አይችልም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ቀደም ባሉት ዓመታት ወርዶ የሚያውቅ አንድ የአገሩ ልጅ አጠገቡ ካለ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ያ ሰው «አይዞህ፥ ምንም የለም» ብሎ አይሸነግለውም። እባብ እንዳለ ይነግረዋል፤ ነዶውን ከማንሣቱ በፊት በማጭዱ ጫፍ ገለጥ አድርጎ እንዲያይ፥ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት እንዲያራግፍ ያሳየዋል። ከዐረብኛውም አስቀድሞ ሦስት ቃላት ብቻ ያስይዘዋል፤ ውሃ «ሞያ»፥ ስንት «ካም»፥ ነገ «ቡክራ» ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ጎን ለጎን ያጭዳሉ። ከዚያ ነባሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ይሠራል። ከሳምንት በኋላ አዲሱ ሰው ስለ ክፍያው ራሱ ይጠይቃል፤ ነባሩ ከኋላ ቆሞ ይሰማል እንጂ አፉን አይከፍትም። ይህ ነባር ሠራተኛ ስለ ሥልጠና ዘዴ አንድም መጽሐፍ አላነበበም። የሠራው ሥራ ግን ሊቃውንት ብዙ ከደከሙ በኋላ የደረሱበት ነው።

ሊቃውንቱስ ምን አሉ? እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ ስለ አንድ ሕፃን የጻፉት ጥናት ብዙ ያስተምረናል። ፒተር የሚል ስም የሰጡት ይህ ሕፃን ዕድሜው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሲሆን ጥንቸል በጣም ይፈራ ነበር። ፍርሃቱም በጥንቸል ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ አይጥም፥ የጠጉር ካባም፥ ላባም፥ የጥጥ ጉማጅም ያስለቅሰው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለው የአበው አነጋገር በዚህ ሕፃን ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተመራማሪዋ ልጁን አልተቆጡትም፤ ጥንቸሉንም በግድ አላስታቀፉትም። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን በሽቦ ሳጥን አድርገው ከክፍሉ ማዶ ብቅ ያደርጉታል። ልጁ እስካልተረበሸ ድረስ በየቀኑ በጥቂቱ ያስጠጉታል። ጥንቸል የማይፈሩ ሌሎች ልጆችም በክፍሉ ውስጥ እንዲጫወቱ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን ዳሰሰው፤ ጣቶቹንም እንዲለክፍለት ፈቀደለት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል፥ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚመስለኝ አንድ ነገር አለ። ሥልጠናው በመልካም ሁኔታ በመካሄድ ላይ ሳለ ፒተር ታመመና ተቋረጠ። ከሆስፒታል ሲወጣም ትልቅ ውሻ ዘሎ አስደነገጠው። የቀድሞ ፍርሃቱ ሁሉ ተመለሰ። አንድ ችኩል ሰው ቢሆን ኖሮ «ድካሜ ከንቱ ቀረ» ብሎ ይተወው ነበር። ተመራማሪዋ ግን ሳጥኑን እንደገና ወደ ክፍሉ ማዶ መልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1958፥ ትውልዳቸው ከደቡብ አፍሪካ የሆነው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ በዚሁ ዐይነት ዘዴ ላይ የተመሠረተ የፍርሃት ሕክምና በመጽሐፍ አሳትመው በዓለም ዙሪያ አሠራጩ።

ከሕፃንና ከጥንቸል ወደ ጀግና እንለፍ። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «የፈሪ ሕፃን ታሪክ ከአበበ ቢቂላ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። ያገናኘዋል። አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። አድጎ ክቡር ዘበኛ ገባ። በዚያም በ1938 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተገናኘ። አሠልጣኙ የሚያሠለጥኗቸው ሯጮች ብዙ ነበሩ። ነገር ግን እያንዳንዱን ለብቻው ያዩት ነበር፤ አንዱ ስንት ኪሎ ሜትር በምን ያህል ጊዜ እንደሚሮጥ፥ የትኛው ዳገት እንደሚከብደው፥ መቼ ማረፍ እንዳለበት በሰዓትና በጽሑፍ ይከታተሉ ነበር። በእኔ እምነት የአሠልጣኝ ሥራ እምብርቱ ይህ ነው። መቶ ሰው በአንድነት ማሰለፍ ይቻላል፤ መቶ ፍርሃት ግን አንድ ዐይነት አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ አስቀድሞ ተስፋ የተጣለበት ዋሚ ቢራቱ ሳይሰለፍ በመቅረቱ ኢትዮጵያን በማራቶን የወከሉት አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ ሆኑ። ጳጉሜን 5 ቀን ውድድሩ ሲደረግ አበበ ቢቂላ በዓለም ሯጮች ዘንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነበር። የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ተሰለፈ። ያ የመጨረሻ ሰዓት እብሪት ወይም ተስፋ መቁረጥ አልነበረም፤ በባዶ እግር ሲለማመድ ኖሯልና እግሩ የሚችለውን ያውቃል። ውድድሩ ወደ ማታ ስለ ተደረገ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አሠልጣኙና ሯጩ መንገዱን አስቀድመው ተመልክተውታል። ከመጨረሻው ምዕራፍ ሳይርቅ፥ ኢጣልያ ከአገራችን ወስዳ በሮም ካቆመችው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ አበበ ፍጥነቱን እንዲጨምር ተስማምተዋል። (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።) አበበም እንደ ተባባሉት አደረገ። የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ገባ። አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ሆነ።

ስለዚያ ቀን የሚነገር አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኒስካነን «ራዲ 26 ቁጥር ለብሶ ይሮጣል፥ እርሱን ተጠንቀቀው» ብለው ነግረውት ነበር ይባላል። ራዲ ግን የለበሰው 185 ነበር። አበበ ከራዲ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየሮጠ ባለ 26 ቁጥሩን ሰው ወደ ፊት ይፈልግ ነበር። እንግዲህ አሠልጣኙ የሰጡት መረጃ ከንቱ ሆነ፤ ሯጩ ግን አልተደናገጠም። ይህ ለምን ሆነ? አሠልጣኙ የሰጡት ዋናው ነገር ያ ቁጥር ስላልነበረ ነው። በ42 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አሠልጣኝ ገብቶ አይሮጥም። ሯጩ ሊይዝ የሚችለው በየማለዳው ከእንጦጦ ግርጌ ሲለማመድ ያጠራቀመውን ብቻ ነው።

ብዙዎች የአበበን ድፍረት የሚለኩት በሮም ነው። በቶኪዮም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አሸንፎ፥ በኦሎምፒክ ማራቶን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ድል ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ ኋላ የሆነውን አስባለሁ። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እነዚያ እግሮች መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። የሆስፒታሉ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት የማሠልጠን ልምድ ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። የማራቶን ጀግና በዚያ ሥፍራ እንደ ጀማሪ ተማሪ ሆኖ ክንዱን ማጠንከር፥ ከዚያም በወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው ውድድር በቀስት ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በሚጎተት ተሽከርካሪ ውድድር ተካፈለ። ከሁለት ድል በኋላ ከአንድ እንደገና መጀመር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ማን ያውቃል? የፒተር ሳጥን ወደ ክፍሉ ማዶ የተመለሰው በሕፃኑ ላይ ብቻ አይደለም። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። በቤታችንም ሆነ በትምህርት ቤታችን ፍርሃትን ለማስወገድ ስንጠቀምበት የኖርነው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ኀፍረት ነው። ልጁ ጨለማ ቢፈራ ይሣቅበታል፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ቢንተባተብ ክፍሉ በሙሉ ያውካካል፤ አንዳንዱ መምህርም አብሮ ይሥቃል። የዚህ ልማድ ደጋፊዎች «እልህ ያስይዘዋል» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ከመቶ አንዱን እልህ ያስይዘው ይሆናል። የቀሩት ግን የሚማሩት ፍርሃታቸውን ማሸነፍን ሳይሆን መደበቅን ነው። ጨለማ የሚፈራው ልጅ «አልፈራም» ማለትን ይለምዳል፤ የሚንተባተበውም እጁን ማውጣት ይተዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊረዳው አይችልም፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ የት ቦታ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ከውጭ ሲታይ ጸጥ ያለ ጨዋ ተማሪ ይመስላል። መምህራን ጸጥ ያለ ተማሪ መውደዳችን ነገሩን ያባብሰዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ ዛሬ በከተሞቻችን ገንዘብ ተቀብለው ፍርሃትን እናስወግዳለን፥ በራስ መተማመንን እናጎናጽፋለን የሚሉ የሕይወት አሠልጣኞችና የአነቃቂ ንግግር አቅራቢዎች እየበዙ ናቸው። ሁሉንም በአንድነት መንቀፍ ተገቢ አይሆንም፤ አንዳንዶቹ ሰውን በእውነት ይረዳሉ። እኔ ግን ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው፥ ደንበኛችሁን ወደሚፈራው ነገር ትወስዱታላችሁ ወይስ በአዳራሽ አስቀምጣችሁ ታስጨበጭቡታላችሁ? የሚል ነው። በጭብጨባ የመጣ ድፍረት ብዙውን ጊዜ ከአዳራሹ ደጃፍ አይዘልቅም። ሁለተኛው ደግሞ፥ ደንበኛችሁ የማያስፈልጋችሁ ቀን መቼ ነው? የሚል ነው። የገዳሪፉ ነባር ሠራተኛ በሳምንቱ ወደ ኋላ ቆሞ ዝም ብሏል። ዝም የማይል አሠልጣኝ ያጠራጥረኛል።

ይህን ሁሉ ስል ፍርሃት ሁሉ ይወገድ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ላደርግ እወዳለሁ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረው ብዙዎቹ በገዳሪፍ አውራጃ ባሉት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሠፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በራስዋ በሱዳን ተቀሰቀሰ፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከገዚራ ምሥራቃዊ ክፍል የሸሹ ሰዎች ወደ ገዳሪፍና ወደ ኒው ሀልፋ ጎረፉ። በግዳጅ ሠፈራ የተመሠረተችው ከተማ ከ60 ዓመት በኋላ ለሌሎች ተፈናቃዮች መጠጊያ ሆነች። እንዲህ ያለውን መከራ ያየ ሰው ጥይት ቢፈራ ልክ ነው፤ ፍርሃቱ ሕይወቱን አትርፎለታል። ለእንደዚህ ያለው ሰው «ደፋር ሁን» ብሎ መስበክ ነውር ነው። አስቀድሞ ጥይት የማይሰማበት ሥፍራ፥ ምግብና እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላም በሌሊት የሚያባንነው ቢሆን የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። መልካም አሠልጣኝ ከራሱ ዐቅም በላይ የሆነውን ለይቶ ወደሚችለው የሚልክ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚገጥመን ፍርሃት ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛው ልንረዳው የምንችለው ነው። ከሁሉም የተለመደው በሰው ፊት የመናገር ፍርሃት ነው። ይህ ፍርሃት ጥንትም ነበረ። ስለ ግሪኩ ተናጋሪ ስለ ዴሞስቴን ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው በአፉ ጠጠር ይዞ መለማመዱን ነው። ፕሉታርክ የጻፈው ታሪክ ግን ሌላ ነገርም ይነግረናል። ዴሞስቴን በሸንጎ ተሣቅቆበት አዝኖ ሲመለስ ሳቲሩስ የሚባል ተዋናይ ተከትሎት ሄደ፤ አንድ የቲያትር ክፍል በቃሉ እንዲናገር ካደረገው በኋላ ያንኑ ክፍል ራሱ እያሳየ ተናገረለት። ዴሞስቴን ድምፅና እጅ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ያን ጊዜ ተረዳ። ጠጠሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእናንተም መካከል ዐማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ተማሪ ይኖራል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ በክፍል ፊት ቆሞ ማንበብ በገዳሪፍ ሜዳ የደረሰ አዲስ አጫጅን ጭንቀት ያህል ሊሆንበት ይችላል። «ጸሐይ» እና «ጠላ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙበት ምላሱ ይተሳሰራል። አንድ መምህር እንዲህ ያለውን ተማሪ ሲረዳ ያየሁት እንደሚከተለው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው ከክፍል ውጭ፥ በዛፍ ጥላ ሥር፥ ግማሽ ገጽ ለመምህሩ ብቻ አነበበ። ቀጥሎ ለአንድ ጓደኛው አነበበ፤ መምህሩ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በተቀመጠበት ዴስክ ላይ ሆኖ ለረድፉ አነበበ። አንድ ቀን አንድ ቃል ጠፋበትና ተሣቀበት፤ በማግሥቱ ሊያነብ አልፈለገም። መምህሩ ምንም ሳይናገር ወደ ዛፉ ጥላ መልሶ ወሰደው፤ ከግማሽ ገጽም ጀመሩ። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። መምህሩ በዚያን ቀን የተቀመጠው በኋለኛው ረድፍ በመስኮቱ አጠገብ ነበር፤ ተማሪው ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ ፈለገው፤ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን ዐይኑን ከመጽሐፉ አነሣና ክፍሉን ተመለከተ።